ጽናት ብቻውን የት ያደርሳል?

ስለ ሰሜን ሸዋ ገበሬ የሚያወራ ሰው «ጠንካራ ነው» ሳይል አያልፍም። የደብረ ብርሃንን ብርድ ይችላል፤ ውርጭ እህሉን ቢመታበት በልግ ሲመጣ መልሶ ገብስ ይዘራል፤ በልጉም ሲቀር ኩበትና ባሕር ዛፍ ሸጦ ዓመቱን ይገፋል። ሙገሳው ሐሰት የለበትም። የሚያጠራጥረው ሙገሳውን ተከትሎ የሚመጣው ድምዳሜ ነው፦ ጠንካራ ከሆነ ይወጣዋል፣ ካልወጣው ደግሞ አስተሳሰቡ ላይ ችግር አለ። ይህ ድምዳሜ ዛሬ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት እስከ አዲስ አበባ የስልጠና አዳራሽ ድረስ ይሰማል። አነቃቂ ተናጋሪው መድረክ ላይ ወጥቶ «አስተሳሰብህን ቀይር፣ ሕይወትህ ይቀየራል» ይላል፤ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ «ወጣቱ የሥራ ባህል የለውም» ይላል፤ ሰልጣኙም ሆነ ተቀጣሪው ሳይሳካለት ሲቀር ጥፋቱን ከራሱ ይፈልጋል። ታዲያ አስተሳሰብና ጽናት ሰውን ወደ አቅሙ ጫፍ ያደርሱታል ወይ? ለዚህ ጥያቄ ከጥናትም ከታሪክም በቂ መረጃ አለ። መረጃው ተሰብስቦ ሲታይ የሚሰጠው መልስ «አዎ፣ መሄጃ ካለው» የሚል ነው። መሄጃውን ማን ያዘጋጀዋል የሚለው ጥያቄ ግን ከስልጠና አዳራሹ ደጃፍ ላይ ይቀራል፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክርም እሱ ላይ ነው።

ሐሳቡን በዓለም ላይ ያስፋፉት ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን ናቸው። ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ ሰዎችን በሁለት ይከፍላሉ፦ ችሎታ አንዴ ተሰጥቶ የማይጨምር ነገር ነው ብለው የሚያምኑና በጥረት ያድጋል ብለው የሚያምኑ። ፈተና ሲወድቁ የመጀመሪያዎቹ ውድቀቱን እንደ ፍርድ ይቀበሉታል፤ ሁለተኞቹ ይማሩበታል። አንጄላ ዳክዎርዝ ደግሞ በ2016 መጽሐፋቸው ለሩቅ ግብ ሳይሰለቹ መጣር ከተሰጥኦ ይበልጣል አሉ። ሁለቱም ለእኛ እንግዳ አይደሉም። በአንድ አፉ «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የሚል፣ በሌላው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚል ሕዝብ ክርክሩን ከነሁለት ወገኑ ያውቀዋል። አዲሱ ነገር መለካት መጀመሩ ነው። ልኬቱ እየበዛ ሲሄድ ደግሞ ውጤቱ መጻሕፍቱ ካሉት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በ2018 የቀደሙትን ጥናቶች አንድ ላይ የመረመረ ትንታኔ በአስተሳሰብና በትምህርት ውጤት መካከል ያለው ዝምድና ደካማ እንደሆነ አሳየ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከ66 ሺህ በላይ ሰዎችን መረጃ ያጠቃለለ ሌላ ትንታኔ ዳክዎርዝ የለኩት ጽናት፣ የሥነ ልቦና ትምህርት ትጋትና ሥራ አክባሪነት እያለ ድሮ ሲለካው ከነበረው ባሕርይ ብዙም እንደማይለይ ገልጿል።

ይህ ሲባል ሐሳቡ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ዴቪድ ዬገርና ባልደረቦቻቸው ወደ 12 ሺህ የሚጠጉ የአሜሪካ 9ኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዘው ያደረጉት ሙከራ በ2019 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጥቷል። ተማሪዎቹ አእምሮ በጥረት እንደሚጎለብት የሚያስረዳ፣ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ትምህርት በኮምፒዩተር ተሰጣቸው። ቀድሞ ውጤታቸው ዝቅ ያለው ልጆች ነጥብ በአማካይ በ0.10 ከፍ አለ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ለአንድ ሰዓት ድካም ግን የሚናቅ አይደለም። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስተምረው ትምህርቱ የያዘበት ቦታ ነው። ውጤቱ ጎልቶ የታየው ጓደኞቻቸው ከባድ ጥያቄ መሞከርን በሚያከብሩባቸው ትምህርት ቤቶች ነበር። በ2022 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ መምህሩ ራሱ ችሎታ ያድጋል ብሎ በማያምንበት ክፍል ተማሪው ከትምህርቱ እንዳልተጠቀመ አሳይቷል። ስለዚህ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚኖር የሚመስለው እምነት እንኳ ከጎን የተቀመጠውን ልጅና ፊት ለፊት የቆመውን መምህር ይፈልጋል።

በአገር ቤት ደግሞ ብዙ የአፍሪካ አገሮች የሌላቸው መረጃ አለን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል፣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም የተሳተፉበት የገጠር ቤተሰቦች ጥናት እ.ኤ.አ. በ1989 ተጀምሮ በ1994 ወደ 15 መንደሮች ሰፋ። እስከ 2009 ድረስም እነዚያኑ ቤተሰቦች በየጥቂት ዓመቱ እየተመለሰ ጠየቀ፦ ምን ዘራችሁ፣ ምን በላችሁ፣ ስንት በሬ አላችሁ፣ ማን ታመመ፣ ምን ጉዳት ደረሰባችሁ፣ ማን ረዳችሁ። ለዚህ ዳሰሳ የሚመቸው ከጥናቱ ቦታዎች ሁለቱ ሰሜን ሸዋ ውስጥ መሆናቸው ነው። አንዱ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያሉ ደጋ መንደሮችን የያዘ ነው። ሌላው ከአንኮበር በታች ቆላው ውስጥ ያለው ዲንኪ ነው፤ አርጎባና አማራ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው የሚኖሩበት መንደር። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። በካርታ ላይ ሁለቱ ጎረቤት ናቸው። ደብረ ብርሃን ግን በአዲስ አበባና ደሴ አስፋልት ላይ፣ ከዋና ከተማው 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ዲንኪ ጥናቱ ሲጀመር መኪና እንደልብ የማይደርስበት፣ የ1977ቱ ድርቅም ክፉኛ የጎዳው መንደር ነበር።

ልዩነቱን ለማየት ኩበትን መውሰድ ይበቃል። በደብረ ብርሃን አካባቢ አንዲት እናት ጠዋት እበቱን በእጇ ጠፍጥፋ ከአጥሩ ሥር ታሰጣዋለች፤ ሲደርቅ ትከምረዋለች፤ በገበያ ቀን በአህያ ጭና ከተማ ትወስደዋለች። ማታ ብሩን ይዛ ትመለሳለች። ለልጅ ደብተር፣ ለጨው፣ ለዕድር መዋጮ ይሆናታል፤ ዋጋው ቢጨምር በሚቀጥለው ሳምንት ታውቀዋለች፣ ቢቀንስም ታውቀዋለች። ባሕር ዛፉም እንዲሁ ነው። የቆላው ገበሬ ከእርሷ ያነሰ አይደክምም። ማሽላውን ጭኖ ዳገቱን ወጥቶ ገበያ ለመድረስ የሚያወጣው ላብ ምናልባት ይበልጥ ይሆናል። ነገር ግን የእርሱ ድካም ተመልሶ የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው፤ ቀኑ በመንገድ ያልቃል፣ ዋጋውን የሚወስንለት ሌላ ነው፣ ያልተሸጠውን ይዞ መመለስ ደግሞ ሌላ ቀን ነው። ጥረት ፍሬ እንዳለው ሰው የሚያምነው ፍሬውን ደጋግሞ ሲያይ ነው። ፍሬው በየገበያው ቀን የሚታይበትና በዓመት አንዴ፣ እሱም ዝናብ ከፈቀደ፣ የሚታይበት ቦታ አንድ ዓይነት አስተሳሰብ አያበቅሉም።

የጥናቱ ቁጥሮች ይህንን ይደግፋሉ። ስቴፋን ደርኮን፣ ዳንኤል ጊሊጋን፣ ጆን ሆዲኖትና ጣሰው ወልደሃና የ15ቱን መንደሮች የእ.ኤ.አ. 1994–2004 መረጃ ይዘው ባደረጉት ትንታኔ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት ድህነትን በ6.9 መቶኛ ነጥብ ቀንሶ የፍጆታ ዕድገትን በ16.3 በመቶ ከፍ አድርጓል። አንድ ጊዜ እንኳ የግብርና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጉብኝት ማግኘት ድህነትን በ9.8 መቶኛ ነጥብ ቀንሷል። ደርኮን፣ ሆዲኖትና ጣሰው በሌላ ጥናታቸው ደግሞ ባለፉት 5 ዓመታት ድርቅ የመታው ቤተሰብ ፍጆታው በ20 በመቶ ያህል ዝቅ ማለቱን አሳይተዋል። ድርቁ አልፎ፣ ዝናቡ ተመልሶ፣ ጉዳቱ አልተመለሰም። በ77 ይበልጥ የተጎዱ ቤተሰቦች ከ10 ዓመት በኋላም ዕድገታቸው ከሌሎቹ ያዘገመ ነበር፤ የተሸጠ በሬ በአንድ ጥሩ ክረምት አይተካምና። እዚህ ላይ ማንም ገበሬ ጽናት አጣ ሊባል አይችልም። ጠንካራና ሰነፍ በሁሉም መንደር አለ፤ መንገዱ ግን የነካው መንደሩን በሙሉ ነው።

ለዚህ ክርክር ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከእነዚሁ ተመራማሪዎች ወገን ነው። ታንጊ በርናር፣ ደርኮን፣ ኬት ኦርኪንና አለማየሁ ሥዩም ታፈሰ እ.ኤ.አ. በ2010 በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ አንድ ሙከራ አደረጉ። ከድህነት በራሳቸው ጥረት የወጡ፣ ተመልካቹን የመሰሉ የገጠር ሰዎችን ታሪክ የሚያሳዩ አጫጭር ፊልሞችን በዕጣ ለተመረጡ ገበሬዎች አሳዩ፤ ሌሎቹ ተራ የመዝናኛ ዝግጅት አዩ። ገንዘብ አልተሰጠም፣ ዘር አልተሰጠም፣ መንገድ አልተሠራም። ከ6 ወር በኋላ ፊልሙን ያዩት ለልጆቻቸው ትምህርት ያላቸው ምኞት ከፍ ብሎ፣ ቁጠባቸው ጨምሮ፣ ለትምህርት የሚያወጡት በርክቶ ተገኘ፤ ከ5 ዓመት በኋላ ሲጠየቁም ለውጡ አልጠፋም። ይህንን «ግድ የለም» ብሎ ማለፍ አይቻልም። አንድ ሰዓት ፊልም ብቻውን ይህን ካደረገ፣ አስተሳሰብ በራሱ ጉልበት አለው ማለት ነው።

ጉልበት አለው። ነገር ግን ጉልበቱ የት እንዳረፈ ይታይ። ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው ትምህርት ቤት በቅርብ ሲኖር ነው፤ ቁጠባ የሚጨምረው ማስቀመጫ ሲገኝ ነው። ፊልሙ ያደረገው የነበረውን በር ማሳየት ነው፤ በር አልሠራም። ፊልሙ የሠራበትም ምክንያት ሰዎቹ ተመልካቹን ስለመሰሉ ነው። ኢኮኖሚስቱ ዴብራጅ ሬይ እንደሚከራከሩት ሰው ምኞቱን የሚለካው በዓይኑ ከሚያያቸው፣ እርሱን ከሚመስሉ ሰዎች ኑሮ ነው፤ ከእርሱ ጋር እኩል የሆነ ሁሉ አያነሳሳውም፣ እጅግ የራቀውም አያነሳሳውም። አዳራሽ ቆሞ ስለ ቢሊየነሮች የሚተርክ አነቃቂ ይህን ይስታል። በኒጀር የተደረገውና በ2022 ኔቸር ላይ የወጣው ሙከራ ደግሞ ነገሩን ያጠራዋል፦ አንዱ ቡድን ገንዘብ፣ ሌላው የሥነ ልቦናና የማኅበረሰብ ስልጠና፣ ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ። ሁሉም ተጠቀሙ፤ ከወጪው አንጻር የበለጠ ያተረፉት ግን ስልጠና ያለባቸው ሆኑ። ይህ ለአስተሳሰብ ወገን ትልቅ ማስረጃ ነው፤ እቀበለዋለሁ። ቢሆንም ሦስቱም ቡድኖች ቀድሞውንም በመንግሥት የጥሬ ገንዘብ ድጋፍ ውስጥ የታቀፉ፣ የቁጠባ ማኅበርና የቅርብ ክትትል ያላቸው ነበሩ። የስልጠናው ፍሬ ከዚያ መደላድል ተለይቶ አልተለካም። በአገራችን ትግራይ ውስጥ የተሞከረው፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ6 አገሮች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው መርሐ ግብርም እንዲሁ ከብትና ሌላ ሀብት፣ ስልጠና፣ ቁጠባና ክትትል አንድ ላይ የሰጠ ነው።

«አበበ ቢቂላስ?» የሚል አይጠፋም፤ ሊጠፋም አይገባም። አበበ በ1924 ዓ.ም. ከመንዲዳ ከተማ አጠገብ ጃቶ በምትባል መንደር፣ ዛሬ በኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ ዞን በሚገኘው ደጋ ተወለደ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2፡15፡16 ጨረሰ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ባስወጣ በጥቂት ሳምንታት፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ2፡12፡11 ደገመው። ሁለቱም በጊዜው የዓለም ፈጣን ሰዓቶች ነበሩ። ባዶ እግሩ በየስልጠናው አዳራሽ ይጠቀሳል፦ ጫማ ሳይኖረው አሸነፈ፣ አንተስ ምን ያግድሃል? ይህ አተራረክ ብዙ ነገር ይዘላል። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ደመወዝ፣ ቀለብ፣ ሐኪም፣ አብረውት የሚሮጡ ጓዶችና ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ አሰልጣኝ ነበሩት። በየደጋው መንደር እንደ እርሱ ሳንባው የሰፋ፣ እንደ እርሱ የማይሰለች ስንት ልጅ ከብት ሲጠብቅ አረጀ? ክብር ዘበኛ አበበን ጽኑ አላደረገውም፤ ጽናቱን ግን የሚውልበት ቦታ ሰጠው። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ እግሩ ተጎድቶ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲያቋርጥ ደግሞ ቡድኑ አልወደቀም፤ ማሞ ወልዴ ቀጥሎ ወርቁን አመጣ። የዚያን ቀን አበበ ጽናት አነሰው የሚል ካለ አጥንትን ከመንፈስ ለይቶ የማያውቅ ነው። በዚያው ዓመት በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ በእንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ፤ በ1970 እ.ኤ.አ. እዚያው በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ ሸርተቴ ውድድር አሸነፈ። ለእኔ ከሮም ይልቅ ይህ የጽናቱ ትልቁ ምስክር ነው። ያም ቢሆን ሆስፒታሉ፣ የሚወዳደርበት ጨዋታና ወጪውን የሸፈነለት መንግሥት ባይኖሩ ይህን ጽናት ማንም አያየውም ነበር።

ሌላው ተቃውሞ ከሁሉ የተለመደው ነው፦ ችግር ያጠነክራል። በሰሜን ሸዋ ይህን የሚል ሽማግሌ ማግኘት አይከብድም። ከፊል እውነት አለው። ኤሚ ወርነርና ባልደረቦቻቸው በሐዋይ ካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ሕፃናትን ለአሥርት ዓመታት ተከታትለው፣ በድህነትና በቤተሰብ ቀውስ ካደጉት ልጆች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቁና የተረጋጉ ሰዎች ሆነው እንዳደጉ አገኙ። ነገር ግን እነዚያን ልጆች ያዳናቸው ችግሩ አልነበረም። ከጎናቸው አንድ የሚተማመኑበት ትልቅ ሰው፣ አያት ወይም መምህር ወይም ጎረቤት፣ ነበራቸው። የቀሩት ሁለት ሦስተኛስ? ከእኛው አገር የተገኘው መረጃ ከዚህም የመረረ ነው። ደርኮንና ካትሪን ፖርተር የእነዚያኑ መንደሮች መረጃ መርምረው፣ በ77ቱ ረሃብ ጊዜ ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች የነበሩ ሕፃናት ጎልማሳ ሲሆኑ ቁመታቸው ከታላላቆቻቸው ቢያንስ በ5 ሴንቲ ሜትር እንዳነሰ፣ አንደኛ ደረጃን የመጨረስ ዕድላቸውም ዝቅ ያለ እንደነበር ጽፈዋል። ረሃብ ያጠነከረው ልጅ የለም። ከረሃብ የተረፈ ልጅ አለ፤ ሁለቱን ማምታታት በሟቾቹ ላይ መቀለድ ነው።

እስካሁን ስለ ግለሰብ ስናወራ ቆየን፤ የሰሜን ሸዋ ጽናት ግን በአብዛኛው የማኅበር ጽናት ነው። ዕድርን የሚያህል ማስረጃ የለም። በጠቀስናቸው መንደሮች አብዛኛው ቤተሰብ የዕድር አባል ነው፤ ዕድሩ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ መዋጮው ይመዘገባል፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል። ሞት በደረሰ ዕለት ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ድንኳን ከየት ላምጣ፣ እህል ማን ይፈጭልኛል ብሎ አይጨነቅም። ኀዘንተኛው የሚጸናው ማኅበሩ የኀዘኑን ወጪና ድካም ስለሚወስድለት ነው። ሆኖም ዕድር ልኩ አለው። የአንድ ቤት ኀዘን ሌላው ቤት ይሸከመዋል፤ ድርቅ ሲመጣ ግን ሁሉም ቤት ባንድ ጊዜ ይራቆታል፣ የሚያዋጣም ይጠፋል። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የሰሜን ሸዋዋ አጣዬ ከተማ ስትቃጠል የዕድሩ ሳጥንም ድንኳኑም አባላቱም ባንድ ቀን ተበተኑ። ከወለጋ ተፈናቅለው በደብረ ብርሃን መጠለያዎች ለዓመታት የተቀመጡ ሰዎች ደግሞ ዕድራቸውን የትውልድ ቀያቸው ትተው የመጡ ናቸው። እነሱን «ጠንክሩ» ማለት ምክር አይባልም። እስካሁን የቆሙት ጠንክረው ነው፤ የሚጠይቁት ሌላ ነገር ነው።

ሌላ የጋራ ጽናት ደግሞ መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ በሚባለው ተራራ ላይ አለ። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሣር አባቶቻቸው ባቆሙት ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ጠብቀውታል። የተመረጡ አለቆች አሉት፤ መሬቱ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ሁሉም እኩል ያጭዳል፤ ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል፤ በድርቅ ዓመትም የመጨረሻ መጠባበቂያ ነው። የዛሬ ጥቅምን ለነገ ማቆየት የሚባለውን፣ የሥነ ልቦና ምሁራን በልጆችና በከረሜላ የሚለኩትን ነገር፣ እነዚህ ገበሬዎች በአንድ ትልቅ ተራራ ላይ በተግባር አሳይተውታል። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ የርስቱን መሠረት ሲያፈርሰው ሥርዓቱም ላላ፤ ሣሩ ያለ ልክ ታጨደ፣ ታረሰበትም። ያው ሕዝብ ነው፤ ያው አስተሳሰብ ነው። የጠፋው ጎረቤቴ ነገ ያከብረዋል የሚለው መተማመኛ ነበር። በኋላ ማኅበረሰቡ ደንቡን በአዲስ መልክ አቁሞ ክልሉም በሕግ ሲያውቅለት ሣሩም ቀይ ቀበሮውም መጠበቂያ አገኙ። ትዕግሥት ደንብ ሲኖረው ይቆያል።

የሥራ ቦታ ቡድንም ከዚህ ብዙ አይለይም። ኤሚ ኤድመንድሰን በሆስፒታሎች ያሉ የነርሶችን ቡድኖች ሲያጠኑ የተሻለው ቡድን አነስተኛ ስህተት ይፈጽማል ብለው ጠብቀው ነበር፤ ያገኙት ግን የተሻሉት ቡድኖች ብዙ ስህተት ማስመዝገባቸውን ነው። ምክንያቱ ሰዎቹ ስህተታቸውን ሳይፈሩ መናገራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በአንድ ፋብሪካ 51 ቡድኖች ላይ ያደረጉት ጥናትም አለቃና ጓደኛ ሳያሸማቅቀው የሚናገርበት ቡድን የተሻለ እንደሚማር አረጋገጠ። «አለቃዬ ምን ይለኛል» በነገሠበት መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው ስለ አስተሳሰብ ሦስት ቀን ማሰልጠን ገንዘብ ማባከን ነው፤ መሰልጠን ያለበት አለቃው ነው። ክሪስ ብላትማንና ደርኮን ደግሞ በኢትዮጵያ 5 ድርጅቶች ለፋብሪካ ሥራ ያመለከቱ ወደ 1 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለዋል። ሥራው ከደረሳቸው አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር፣ አብዛኛው በዓመት ውስጥ ለቋል። «የሥራ ባህል የለውም» ለሚለው ሥራ አስኪያጅ የተመቸ ይመስላል። ነገር ግን የፋብሪካው ገቢ ውጭ ከሚገኘው አይበልጥም ነበር፤ በጤና ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ጨምሯል። ለቆ የሄደው ሒሳቡን አስልቶ ነው የሄደው። ፋብሪካ በየዓመቱ በሚጨምርባት ደብረ ብርሃን ይህ ግኝት በየሰው ኃይል አስተዳደር ቢሮ ቢነበብ መልካም ነው።

ይህ ሁሉ ለሰነፍ ሰበብ አይሆንም ወይ? ይሆናል፤ ሰበብ የሚፈልግ ምንጊዜም አያጣም። በአንድ መንገድ ዳር፣ በአንድ ዓይነት መሬት ላይ ሁለት ወንድማማቾች የተለያየ ቦታ እንደሚደርሱ የማያውቅ የለም። ልዩነታቸው ውስጥ ትጋትም፣ ምኞትም፣ ውድቀትን መቻልም አሉ፤ የዶባው ፊልም ይህን አሳይቷል። ነገር ግን ወንድማማቾቹን የለየው ነገር መንደሮቹን ከለየው ነገር ጋር መምታታት የለበትም። ዲንኪንና ደብረ ብርሃንን የለየው የገበሬው ወኔ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ለአንዱ ወንድም «በርታ» ማለት ያዋጣል፤ ለመላው ቆላ «በርታ» ብሎ ማለፍ ግን ባለሥልጣኑን ከተጠያቂነት ማውጣት ነው። ደግሞም ጠንካራ የተባለ ሕዝብ የሚከፍለው ዋጋ አለ፤ ይችለዋል ተብሎ መንገዱ ይዘገይበታል፣ ዕርዳታው ይዘገይበታል።

ስለዚህ የስልጠና በጀት ለያዙ መሥሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች አንድ ማሳሰቢያ ይበቃል። ሰው ሰብስባችሁ ስለ አስተሳሰብ ከማስተማራችሁ በፊት ሰልጣኙ በማግስቱ በምን መንገድ፣ ወደ የትኛው ገበያ፣ በየትኛው ብድር፣ ከየትኛው ባለሙያ ጋር እንደሚሠራ በዕቅዳችሁ ላይ ጻፉት። መጻፍ ከቻላችሁ አሰልጥኑ፤ ያግዛል። መጻፍ ካልቻላችሁ የአዳራሹን ኪራይና የአበሉን ገንዘብ ለመንገዱ አውሉት።